የራስ ፕሮቲን ባዕድ ሲመስል፦ ከመንዝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ለሌሎች አንባቢዎች ስል በአጭሩ ልድገመው። እናትዎ የሚኖሩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የመንዝ ገጠር ሲሆን ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነው። የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች ከአንድ ዓመት በላይ እያበጡ፣ ጠዋት ጠዋትም አልታጠፍ እያሉ ሲያሠቃዩዋቸው ቆይተዋል፤ ጎረቤቱም ዘመዱም «የደጋ ብርድ ያመጣው ቁርጥማት ነው» ብሎ ስለ ደመደመ ወደ ሐኪም ለመሄድ ዘግይተዋል። በቅርቡ ደብረ ብርሃን ሲመረመሩ ግን አንቲ ሲሲፒ የተባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙም በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑን፣ ይህም «ሰውነት የተለወጠ የራሱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ» የሚመጣ መሆኑን ነገራችሁ። ከዚህ ተነሥተው ፕሮቲን ተለወጠ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የለወጠው ብርዱ፣ የማጀቱ ጭስ ወይስ የገብሱ ምግብ እንደ ሆነ፣ ለውጡንም ወደ ነበረበት መመለስ ይቻል እንደ ሆነ ጠይቀዋል።

ሐኪሙ የነገራችሁ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወረፋው በዝቶባቸው ይመስለኛል፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የነገሯችሁ። የፕሮቲን መለወጥ በእናትዎ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ በእኔም በእርስዎም አካል ውስጥ ያለ ማቋረጥ የሚካሄድ ሥራ ነው። በሽታ የሚሆነው ለውጡ ራሱ ሳይሆን፣ ለውጡን አይቶ የራሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ የሚመዘግብ የመከላከያ ሥርዓት ሲፈጠር ነው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የያዝሁት ስለ ብርዱም፣ ስለ ጭሱም፣ ስለ መድኃኒቱም የሚሰጠው መልስ ከእርሱ ስለሚነሣ ነው።

ፕሮቲን ሲሠራ በዘረመል ትእዛዝ መሠረት ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ቅደም ተከተል ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ ከተሠራ በኋላ ግን ገና ብዙ ነገር ይደርስበታል፤ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ስኳር ይለጠፍበታል፣ ፎስፌት ይታከልበታል፣ ከአሚኖ አሲዶቹም አንዳንዱ ወደ ሌላ ይቀየራል። እስካሁን የታወቁት የለውጥ ዓይነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ ብዙዎቹ ለሕይወት የግድ አስፈላጊ ናቸው። ኢንሱሊን በሚገባው ቦታ ተቆርጦ ካልተዘጋጀ ሥራውን አይሠራም፤ የአጥንትና የቆዳ ማገር የሆነው ኮላጅንም ቫይታሚን ሲ በሚጠይቅ ለውጥ ካላለፈ አይጠነክርም፤ ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰው ድዱ የሚደማው በዚህ የተነሣ ነው።

በእናትዎ በሽታ ዋናው ለውጥ ሲትሩሊኔሽን ይባላል፤ ይህን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ከሰንሰለቱ ወደ ጎን የወጣ ረዘም ያለ ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሸከማል። በሰው አካል ውስጥ አምስት ዓይነት የሆኑት ፓድ የተባሉ ኢንዛይሞች ከዚያ ጫፍ ላይ ናይትሮጂን ያለበትን አንድ ክፍል አንሥተው በቦታው ኦክሲጅን ይተካሉ፤ ያን ጊዜ አርጂኒኑ ሲትሩሊን ይሆናል። በክብደት ረገድ የመጣው ልዩነት የአንድ ሃይድሮጂን አቶም ያህል እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ቻርጁ ጠፍቷል፤ ቻርጁ ሲጠፋ ፕሮቲኑን አጥፎ የያዘው መሳሳብ ይላላል፣ ተሸሽጎ የነበረ ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ፕሮቲኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችም ከቀድሞው በተለየ ቦታ ይቆርጡታል። በሰንሰለቱ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ቦታ ሳይሆን በብዙ ቦታ ሊደርስ ይችላል።

እነዚህ ኢንዛይሞች ያለ ብዙ ካልሲየም አይሠሩም። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ፤ ሕዋሱ ሲሞት ወይም ሽፋኑ ሲቀደድ ግን ካልሲየም ከውጭ ይጎርፍና ይነቃሉ። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ለማጥመድ የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ በሚዘረጉበት ጊዜም ፓድ 4 የተባለው ዓይነት ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ይለውጣል። ስለዚህ ብግነት፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የሚያስነሣው እብጠትና ትኩሳት፣ ባለበት ቦታ ሁሉ ሲትሩሊን ያለበት ፕሮቲን ይገኛል፤ ሩማቶይድ ያልሆነ የጉልበት ብግነት ካለበት ሰው የተወሰደ ፈሳሽ ቢመረመር እንኳ ይገኛል። በጤናማ ቆዳና በፀጉር ሥር ደግሞ ብግነት ሳይኖር ይህ ለውጥ የዘወትር ሥራ ነው፤ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ እርጥበትን የሚይዘው አንድም በእርሱ ነው። የእናትዎ መገጣጠሚያ ይህን ለውጥ በማድረጉ ከሌላው ሰው የተለየ አይደለም።

የተለየው ተመልካቹ ነው። ቲ ሕዋሳት የሚባሉት የመከላከያ ሥርዓቱ አዛዦች ከደረት አጥንት ኋላ ባለው ታይመስ በተባለ እጢ ውስጥ ይሰለጥናሉ፤ በዚያም የአካሉ ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ ይቀርብላቸዋል፤ ያን አይቶ አጥብቆ የሚይዝ ሕዋስ እንዲሞት ይደረጋል። ያልተለወጠው ፕሮቲን እዚያ ስለሚቀርብ እርሱን የሚያጠቃ ሕዋስ ከሥልጠናው አልፎ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነው። ኋላ በሳንባ፣ በድድ ወይም በመገጣጠሚያ ውስጥ የተለወጠው መልክ ግን በታይመስ ውስጥ በበቂ መጠን ላይቀርብ ይችላል። በእናንተ አገር እረኛ በጉን በጆሮው ምልክት ለይቶ ያውቃል፤ በጉ የራሱ ሆኖ ሳለ ምልክቱ በሌላ መልክ ተቆርጦ ቢያገኘው ከመንጋው ለይቶ ያስቀረዋል፤ በቲ ሕዋሱም የሚደርሰው ይህን የመሰለ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቲ ሕዋስ ቢ ሕዋሳት የተባሉትን ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ሲያነቃቃ ቢ ሕዋሳቱ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ የተባለውን ነገር የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይሠራሉ፤ በእናትዎ ደም ውስጥ የተገኘው ይህ አንቲቦዲ ነው።

እንግዲህ ሁላችንም የተለወጠ ፕሮቲን ካለን ለምን ሁላችንም አንታመምም? የመልሱ ትልቅ ድርሻ ከወላጅ በሚወረስ ነገር ላይ ነው። ቲ ሕዋስ ፕሮቲንን በቀጥታ አያይም፤ ሌላ ሕዋስ ቁርጥራጩን ኤች ኤል ኤ በተባለ መያዣ ላይ አስቀምጦ ሊያሳየው ይገባል። የመያዣው ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1987 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ለሩማቶይድ አርትራይተስ የተጋለጡ ሰዎች ዲአርቢ 1 በተባለው የኤች ኤል ኤ መያዣቸው ላይ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ባለው ቦታ ተመሳሳይ የአሚኖ አሲዶች ድርድር እንዳላቸው አመለከቱ። ለምን ይህ ቦታ እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዓመታት ግልጽ አልነበረም። በ2013 የመያዣው ቅርጽ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ሲታይ ምክንያቱ ተገለጠ፤ በዚያ ቦታ የሚገኘው ጎድጓዳ ኪስ ራሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው አርጂኒንን ገፍቶ ያስወጣል፣ ቻርጅ የሌለውን ሲትሩሊን ግን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ማለትም በእነዚህ ሰዎች ያልተለወጠው ፕሮቲን በሚገባ ተይዞ አይታይም፤ የተለወጠው ግን ለቲ ሕዋሱ ፊት ለፊት ይቀርባል። በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በሕዝብ ላይ የተደረገ የዘር ጥናትና የአንድ አቶም ያህል ጠባብ የሆነ ኬሚስትሪ በአንድ ኪስ ውስጥ ተገናኝተውበታልና።

ይህን የመያዣ ቅርጽ የወረሰ ሰው ሁሉ ደግሞ አይታመምም፤ ብዙዎቹ በጤና ኖረው ያልፋሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም ለውጡ የት፣ መቼና ከምን ጋር ሆኖ ለመከላከያ ሥርዓቱ እንደ ቀረበ ነው። እዚህ ላይ ስለ አንቲቦዲው ታሪክ ጥቂት ልበል። በ1964 ኔዘርላንድ ውስጥ የሩማቶይድ ሕሙማን ደም ከጤነኛ ሰው ጉንጭ ውስጠኛ ገጽ በተፋቁ ሕዋሳት ላይ ሲደረግ በኒውክለሱ ዙሪያ ባሉ ቅንጣቶች ላይ ሲጣበቅ ታየ። ምርመራው አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ተስማሚ የጉንጭ ሕዋስ የሚሰጥ ሰው ማግኘትም ቀላል ስላልነበረ፣ ግኝቱ ለረጅም ጊዜ ችላ ተብሎ ቆየ። አንቲቦዲው የሚይዘው ሲትሩሊንን መሆኑ የታወቀው በ1998 ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የተሠራ ክብ ቅርጽ ያለውና ሲትሩሊን የያዘ አጭር ሰንሰለት እንደ ማጥመጃ ተዘጋጅቶ ዛሬ አንቲ ሲሲፒ የምንለው ምርመራ ወጣ፤ በ2010 በወጣው ዓለም አቀፍ የመለያ መስፈርትም ውስጥ ገባ።

ምርመራው ከተገኘ በኋላ ቀድሞ የተቀመጠ ደም አውጥቶ መመርመር ተቻለ። በኔዘርላንድ ደም ለጋሾች ላይ የተሠራና በ2004 የወጣ ጥናት፣ ኋላ ሩማቶይድ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ገና አንድም መገጣጠሚያ ሳያማቸው ይህን አንቲቦዲ ወይም ሩማቶይድ ፋክተር የተባለውን ሌላ አንቲቦዲ በደማቸው ይዘው እንደ ነበር አሳየ፤ ይህም በአማካይ ግምት ሕመሙ ከመጀመሩ ከ4 ዓመት ተኩል በፊት ጀምሮ ነው። የአንቲቦዲው ኢላማም በመጀመሪያ ጥቂት ፕሮቲኖች ብቻ ሆኖ፣ ሕመሙ እየቀረበ ሲሄድ ፋይብሪኖጅን፣ ቪሜንቲን፣ ኢኖሌዝ እያለ ይሰፋል። እንግዲህ የእናትዎ ጣት ባበጠበት ወቅት በሽታው ጀመረ ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተጀምሮ፣ ሲሰናዳ ቆይቶ፣ መገጣጠሚያው ላይ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

ያ ሌላ ቦታ በተለይ ሳንባና ድድ ሳይሆን አይቀርም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲትሩሊን ያለበት ፕሮቲን በዝቶ ይገኛል። በ2006 በስዊድን የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከላይ የጠቀስሁትን የመያዣ ቅርጽ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ አጫሽ፣ ያ ቅርጽም ሲጋራውም ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር አንቲ ሲሲፒ ያለበት ሩማቶይድ የመያዝ ዕድሉ 21 እጥፍ ነው፤ አንቲቦዲው በሌለበት የሩማቶይድ ዓይነት ግን እንዲህ ያለ ጥምረት አልታየም። ድድ በሚያቆስሉት ባክቴሪያዎች መካከል ደግሞ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው የራሱ የሆነ ፓድ መሰል ኢንዛይም ስላለው የሰውን ፕሮቲን በድድ ኪስ ውስጥ ይለውጣል። ሲፈልጡና ሲጠርቡ የሚነሣ የድንጋይ ብናኝም፣ በውስጡ ሲሊካ ስላለ፣ ከታወቁት አጋላጭ ነገሮች አንዱ ነው። እናትዎ ሲጋራ አጭሰው እንደማያውቁ ጽፈዋል፤ አንድም ቀን ሳያጨሱ በዚህ በሽታ የሚያዙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛልና።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ። ብርድ አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን አይለውጥም፤ ቲ ሕዋስንም አያሳስትም። በሽታው በሸዋ ሮቢት ቆላም ሰው ይይዛል። ብርድ የሚያደርገው የታመመ መገጣጠሚያ ይበልጥ እንዲደርቅና እንዲያም ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ እውነተኛ ሥቃይ ስለ ሆነ እጅን ማሞቅ፣ የልብስ እጥበቱን ሞቅ ባለ ውኃ ማድረግ ወይም ለሌላ ሰው መተው ተገቢ ነው። ጎጂ የሆነው «ብርድ ነው» የሚለው ድምዳሜ ያስከተለው መዘግየት ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ አጥንቱ ሳይቦረቦር በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር የሚሰጠውን ጥቅም ኋላ አይሰጥም።

የማጀቱን ጭስ በተመለከተ፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ውስጥ ዕድሜ ልክ መዋል ሳንባን እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነው። ለሩማቶይድ ግን የትንባሆን ያህል ጠንካራ ማስረጃ ስለሌለበት «የእናትዎን በሽታ ያመጣው ጭሱ ነው» ማለት አይገባም። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ መሥራት ለሳንባቸው ሲባል ብቻ እንኳ የሚገባ ነው፤ ሩማቶይድ ራሱ ሳንባን ሊነካ ስለሚችል፣ የሚወስዱትም መድኃኒት አልፎ አልፎ ሳንባ ስለሚያስቆጣ፣ ለእርሳቸው ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል።

ገብሱን ያነሡት ከኢንተርኔት አንብበው ይመስለኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የፕሮቲን ለውጥ በሽታ የሚያመጣበት መንገድ ከየትኛውም በሽታ ይልቅ ጥርት ብሎ የታወቀው በእህል ነውና። ሴሊያክ በተባለው የአንጀት በሽታ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ሳይፈጭ አንጀት ይደርሳል፤ በዚያም ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው የራሳችን ኢንዛይም በግሉተን ውስጥ ያለውን ግሉታሚን ወደ ግሉታሜት ይቀይረዋል። እዚህ ላይ የሚሆነው ከሲትሩሊን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቻርጅ ያልነበረው አሚኖ አሲድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያገኛል፤ ዲኪው 2 ወይም ዲኪው 8 የተባለ መያዣ ባላቸው ሰዎች ኪስ ውስጥም አጥብቆ ይገጥማል። የሴሊያክ ሕሙማን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእነዚህ መያዣዎች አንዱ አላቸው። ኢንዛይሙ ራሱ የአንቲቦዲ ኢላማ መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው። በዚህ በሽታ እህሉ ሲቀር ሕመሙም ይቀራል፤ የሚለወጠው ፕሮቲን ከውጭ የሚገባ ነውና። በሩማቶይድ ግን የሚለወጠው የራስ ፕሮቲን ስለ ሆነ ከማዕድ ላይ ልናስቀረው አንችልም። ስለዚህ እናትዎ የሴሊያክ ምልክት፣ ማለትም የማይቆም ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ከሌለባቸው፣ በሶውንም ቂጣውንም የሚተዉበት ምክንያት የለም። ጤፍ ይህ ዓይነቱ ግሉተን የለበትም፤ ነገር ግን በመንዝ ጤፍ በውድ የሚሸመት ስለ ሆነ ያለ በቂ ምክንያት ቤተሰቡን ወደዚያ ወጪ ማስገባት አልመክርም።

ሌሎች ለውጦችን በጨረፍታ ልጥቀስ። ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያለ ኢንዛይም፣ በሲያኔት ኬሚካል ብቻ ሆሞሲትሩሊን ወደሚባል ሲትሩሊን መሰል ነገር ይለወጣል፤ በ2011 በሩማቶይድ ሕሙማን ደም ውስጥ ይህን የሚይዝ አንቲቦዲም እንዳለ ተገለጠ። በኢንሱሊን ጥገኛ የስኳር በሽታ ደግሞ የኢንሱሊን ቁራጭ ከሌላ ፕሮቲን ቁራጭ ጋር ተጣብቆ፣ በዘረመል ውስጥ ጨርሶ የሌለ ሰንሰለት ሲሆን እንደሚገኝ በ2016 ታውቋል። አንቲቦዲው ራሱም ፕሮቲን ስለ ሆነ ይለወጣል። የሩማቶይድ ሕሙማን አይጂጂ አንቲቦዲ ላይ የሚለጠፈው ስኳር ጋላክቶስ እንደሚጎድለው ከ1985 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ጋላክቶስ የጎደለው አንቲቦዲ ብግነት የማነሣሣት ጠባዩ ይብሳል። በእርግዝና ጊዜ ጋላክቶሱ ይጨምራል፤ ብዙ ሕሙማን እናቶችም በእርግዝናቸው ወራት ሕመማቸው ቀለል ይልላቸውና ከወለዱ በኋላ ተመልሶ ይነሣባቸዋል። አራስ ሳለች ጣቷ ያበጠባትን ሴት «ብርድ መታት» ብሎ ማለፍ ልማድ ስለ ሆነ ይህን ሆን ብዬ አንሥቼዋለሁ።

ስለ ውጤቱ ወረቀት። አንቲ ሲሲፒ ከሩማቶይድ ሕሙማን ከመቶ 67 ያህሉን ያገኛል፤ በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች ደግሞ ከመቶ 95 ያህሉን በትክክል የለም ይላል። ሩማቶይድ ፋክተር በማግኘት ረገድ ተቀራራቢ ቢሆንም ጤነኛውን በመለየት ወደ 85 ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን የመደበኛ ጣሪያ ይመልከቱ፤ ከጣሪያው ከሦስት እጥፍ ካለፈ በመስፈርቱ ከፍተኛ ተብሎ ይቆጠራል። በእኛ አገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ምርመራ የሳንባ ነቀርሳ በያዛቸው ሰዎችም ከፍ ሊል ይችላል፤ ከእነርሱም በብዙዎቹ አንቲቦዲው ሲትሩሊኑን ለይቶ የሚይዝ ሳይሆን ያልተለወጠውንም ሰንሰለት አብሮ የሚይዝ ነው። ስለዚህ ሳል፣ የማታ ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ አክታ ሳይመረመር በወረቀቱ ብቻ መወሰን ስሕተት ነው።

ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ እጅ ብዙ ይናገራል። የእናትዎን መዳፍ እንደ ሰላምታ ይዘው በጣቶቹ ሥር ያሉትን አራቱን አንጓዎች ከሁለቱም ጎን በቀስታ ጫን ይበሉ። በሩማቶይድ ይህ ቦታ ያማል፤ በጣት ሲዳሰስም አጥንት ሳይሆን ውኃ የያዘ ስፖንጅ ይመስላል። በዕድሜ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍሩ አጠገብ ያለውን አንጓ ነው የሚያጠቃው፤ ሲዳሰስም ይጠጥራል። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ከተነሡ በኋላ ሊጥ ለመለወስ ወይም የነጠላቸውን ጫፍ ለመቋጠር እስኪችሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ይጠይቋቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ብግነቱ ገና አልበረደም ማለት ነው። ሕክምናው መሥራቱ የሚለካውም በዚህ፣ እንዲሁም የብግነትን መጠን በሚያሳዩት ኢኤስአርና ሲአርፒ በተባሉት የደም ምርመራዎች ነው፤ አንቲ ሲሲፒን በየጊዜው ማስደገም ገንዘብ ማባከን ነው።

ለውጡን መመለስ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ሲትሩሊንን በፕሮቲን ውስጥ እንዳለ ወደ አርጂኒን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ፓድ ኢንዛይሞችን የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ተሠርተዋል፤ በሕክምና ላይ የዋሉ ግን አይደሉም። ይህ ተስፋ አያስቆርጥዎ። በሽታው ለውጡ ሳይሆን ለለውጡ የሚሰጠው ምላሽ ነው ብዬ የጀመርሁት ለዚህ ነው፤ ምላሹን ማብረድ ይቻላል። በ2024 በወጡ ሁለት ጥናቶች፣ የቲ ሕዋሳትን መነቃቃት የሚገታው አባታሴፕት ለበሽታው በተጋለጡ ነገር ግን ገና ሙሉ በሙሉ ባልታመሙ ሰዎች ላይ ሲሰጥ የበሽታውን መጀመር ለማዘግየት ችሏል። ይህ መድኃኒት ውድ ስለ ሆነ ለእናትዎ የዛሬ መፍትሔ አይደለም።

የዛሬው መፍትሔ ሐኪሙ ያዘዙላቸው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት ለሩማቶይድ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው የአጥንት መቅኒው ደም መሥራት አቁሞ ሊሞት ይችላል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ አደጋ እውነተኛ ስለ ሆነ ቀኑን ከገበያቸው ቀን ጋር አያይዙላቸው፣ የቀሩትን ክኒኖች ሌላ ሰው ይያዝላቸው። አብሮ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ሐኪሙ ባዘዙት ቀን ይወሰድ፤ የደምና የጉበት ምርመራው አይቋረጥ፤ አረቄና ጠላ ይቅር። ለሽንት ወይም ለሳል ተብሎ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ አስቀድመው መናገር አለባቸው፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ መቅኒን ይጎዳሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት በጥቂት ቀን ውስጥ ከአልጋ ስለሚያስነሣ ሰው ይወደውና ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ይኖርበታል፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የነበረን ነቀርሳም ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ፣ ሜቶትሬክሴት ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብቻ ይሁን፤ እርሱም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለመጠመቅ ቢፈልጉ መከልከል የእኔ ሥራ አይደለም፤ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ፣ ከጥምቀቱም በኋላ በቶሎ ደረቅ ልብስ ይልበሱ።

በመጨረሻ እርስዎና እኅቶችዎ መመርመር ይገባችሁ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። የሕመምተኛ የቅርብ ዘመድ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ቢሆንም አብዛኞቹ ልጆች አይታመሙም፤ ምልክት በሌለበት የሚደረግ አንቲ ሲሲፒ ምርመራ ቢገኝባችሁ ለዓመታት ከማሳሰብ በቀር ዛሬ የምናደርግላችሁ ነገር ጥቂት ነው። ሲጋራ አታጭሱ፤ የሚደማ ድድ ካለ ታከሙ፤ ድንጋይ የሚጠርብ ወንድም ካለ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ከእናንተ የአንዳችሁ የጣት ሥር አንጓዎች አብጠው ስድስት ሳምንት ከቆዩ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ሳትጠብቁ ደብረ ብርሃን ኑ፤ የእናታችሁንም የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።